ምዕራፍ 6፦ መቅረብና መመለስ

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት ሴት አዲስ አበባ ላለችው እናቷ ገንዘብ ልትልክ ወደ ሐዋላ ቤት ስትገባ፣ ገና ዶላሩን ሳትከፍል ዝርዝሩን የሚያሳይ ወረቀት ሊሰጣት ይገባል። የአገልግሎት ክፍያው፣ ምንዛሪው፣ እናቷ እጅ የሚገባው ብር ሁሉ እዚያ ላይ ይሰፍራል። ከፍላ ሐሳቧን ብትቀይርና እናቷ ገንዘቡን ገና ካልወሰደች፣ ለመሰረዝ 30 ደቂቃ አላት። ስህተት ብታገኝ ደግሞ በ180 ቀን ውስጥ ማመልከት ትችላለች። ይህን ከኦክቶበር 2013 ጀምሮ የሚሠራበትን ደንብ ያወጣው የአሜሪካ የሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ ነው (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ባንክን የሚቀጣ፣ ለሐዋላ ቤት ደንብ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ሥራውን በአግባቡ መሥራቱን የሚጠይቀው ማነው? ኮንግረስ ነው። ግን እንዴት ይጠይቃል? ሕዝብ እንዲገባው ተብለው በተጻፉ ጽሑፎች ውስጥ ይህን ያህል የተድበሰበሰ ጉዳይ ጥቂት ነው። ግማሾቹ «ነጻ ተቋም ስለሆነ የሚጠይቀው የለም» ይላሉ፤ ግማሾቹ «ያቋቋመው ኮንግረስ ይቆጣጠረዋል» ብለው ያልፋሉ። የመጀመሪያው ስህተት ነው፤ ሁለተኛው ምንም አላስረዳም።

አንድ ሰፈር የሌሊት ዘበኛ ቀጠረ እንበል። ደመወዙ በየወሩ በሰፈሩ ስብሰባ ይወሰናል። ዘበኛው አንድ ሌሊት አንዱን ባለቤት የጎረቤቱን ዕቃ ሲያጋዝ ያዘው። በወሩ መጨረሻ ያ ሰው ስብሰባው ላይ ተቀምጦ ደመወዙ ይቀነስ ይላል፤ የሚደግፉትም አያጣም። ይህን የፈሩ ሽማግሌዎች አስቀድመው ደመወዙ እድሩ ድንኳንና ወንበር አከራይቶ ከሚያገኘው ገቢ በቀጥታ እንዲከፈል ወሰኑ። በ2010 የወጣው፣ ቢሮውን ያቋቋመው የዶድ-ፍራንክ ሕግ ያደረገው ይህንኑ ነው። የቢሮው ገንዘብ በየዓመቱ በኮንግረስ አይመደብም፤ ማዕከላዊው ባንክ፣ ፌዴራል ሪዘርቭ፣ በ2009 ካወጣው የሥራ ማስኬጃ ወጪ እስከ 12 በመቶ (ጣሪያው በ2025 ዝቅ ብሏል)፣ የዋጋ ንረቱ እየተሰላ፣ ዳይሬክተሩ ሲጠይቅ ይለቀቅለታል። የዘበኛው የጥበቃ ጎጆ ደግሞ ቢሮው ዋሽንግተን ያሳደሰው ሕንጻ ነው። በጎጆው ነገር በኋላ እንመለስበታለን።

ገንዘቡ ከግብር ካልመጣ የሕዝብ ገንዘብ ነው ወይ የሚል ክርክር ይነሳል። ነው። ፌዴራል ሪዘርቭ ትርፍ ሲኖረው ለግምጃ ቤቱ ያስገባል፤ ስለዚህ ለቢሮው የሄደ እያንዳንዱ ዶላር ግምጃ ቤቱ ያላገኘው ዶላር ነው። ኮንግረስ በየዓመቱ ያልመደበው ገንዘብ ሕገ ወጥ ነው የሚለው ሙግት ግን ከዚህ ይለያል፤ ለዓመታት ብዙ ቀለም የፈሰሰበት እሱ ነው። ሌሎቹ የባንክ ተቆጣጣሪዎች፣ ፌዴራል ሪዘርቭ ራሱ ጭምር፣ ከዓመታዊው በጀት ውጭ ሲሠሩ ኖረዋል፤ ይህን ሳይጠቅሱ ቢሮውን ብቻውን የተፈጠረ ጉድ አድርገው የሚያቀርቡ ጸሐፊዎች አንባቢን ያሳስታሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በሜይ 2024 በ7 ለ2 ድምፅ አከፋፈሉ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም አለ። ውሳኔውን የጻፉት ከወግ አጥባቂዎቹ ዳኞች አንዱ ክላረንስ ቶማስ ነበሩ። ያው ፍርድ ቤት በ2020 ፕሬዚዳንቱ ዳይሬክተሩን ያለ ምክንያት ማሰናበት እንደሚችል ወስኖ ነበር፤ ማለትም የማሰናበት ሥልጣኑ ለፕሬዚዳንት ሆነ፣ የቢሮው አከፋፈል ግን ባለበት ቆየ።

እንግዲህ ኮንግረስ በየዓመቱ የቢሮውን ገንዘብ የሚይዝበት ገመድ ከሌለው ምን ቀረለት? ሕጉ ዳይሬክተሩ በዓመት ሁለት ጊዜ የኮንግረስ ኮሚቴዎች ፊት እንዲቀርብና ሪፖርት እንዲያቀርብ ያዛል። ሒሳቡ በየዓመቱ በኮንግረስ ኦዲተሮች ይመረመራል፤ ከፌዴራል ሪዘርቭ ጋር የሚጋራው ኢንስፔክተር ጄኔራልም አለው። ከእነዚህ ሁሉ ሕዝብ የሚያየው መቅረቡን ነው፤ ደካማውም እሱ ነው። በኖቬምበር 2017 ቢሮውን በተጠባባቂነት የያዙት ሚክ ሙልቬኒ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ሳሉ የቢሮው ብርቱ ተቺ ነበሩ። በጃንዋሪ 2018 ለሩብ ዓመቱ የጠየቁት ገንዘብ 0 ዶላር ነበር፤ በመጠባበቂያ 177 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ስላለ እሱ ይበቃል አሉ። በኤፕሪል ኮሚቴ ፊት ሲቀመጡ ደግሞ የሕጉን ቃል አነሱ፦ ሕጉ ዳይሬክተሩ «ይቀርባል» ይላል እንጂ «ይመልሳል» አይልም፤ ስለዚህ እናንተ ስትጠይቁ እኔ አውራ ጣቶቼን እያሽከረከርኩ ዝም ብል መብቴ ነው። ዝም አላሉም፣ መለሱ። ያነሱት ሕጉ እንዲለወጥ፣ በተለይም ገንዘቡ በኮንግረስ እንዲመደብ ለመገፋፋት ነው። ክፍተቱን በትክክል አይተዋል፤ መድኃኒቱን ግን ሌላ ቦታ ፈለጉ። ጉድለቱ ያለው «ይቀርባል» በሚለው ግሥ ላይ ነው። ኮሚቴ መጥሪያ ማውጣት ይችላል ቢባልም፣ መጥሪያም ሰውን ያቀርባል፣ ሰነድ ያስመጣል እንጂ ጠያቂው ያላዘጋጀውን ጥያቄ ሊጠይቅለት አይችልም።

ከቢሮው ታሪክ የሚታየው፣ ቁጥጥሩ የሠራው የምክር ቤት አባላት ማስረጃ ይዘው በገቡበት ቦታ ነው። በ2014 ቢሮው ሠራተኞቹን በሚመዝንበት አሠራር ጥቁር ሠራተኞች ከነጮች ያነሰ ነጥብ እንደሚያገኙ የሚያሳይ ቁጥር ወጣ፤ ጉዳዩ ኮሚቴ ፊት ደረሰ፤ ሠራተኛ ቀርባ መሰከረች። የዚያን ጊዜው ዳይሬክተር ሪቻርድ ኮርድሬይ አሠራሩን ተዉት፣ ለተጎዱት ሠራተኞችም ካሣ እንዲከፈል ተደረገ። ለዚህ ከበጀቱ አንድ ዶላር መቀነስ አላስፈለገም። የጎጆው ጉዳይም እንዲሁ ነው፦ የምክር ቤት አባል ጠየቀ፣ ኢንስፔክተር ጄኔራሉ መረመረ፣ በዚያው ዓመት ባወጣው ሪፖርት ለሕንጻው እድሳት የተመደበውን ገንዘብ የሚደግፍ በቂ ጥናት አለመኖሩን ጻፈ። ዘበኛው ስለ ጎጆው ወጪ መጠየቅ የለበትም የሚል ካለ ዘበኛውን አልጠቀመውም።

አፈጻጸምን መጠየቅ ግን ከዚህ ይከብዳል። በሴፕቴምበር 2016 ዌልስ ፋርጎ ደንበኞች ሳያውቁ በስማቸው ሒሳብ በመክፈቱ በድምሩ 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ ከዚያ 100 ሚሊዮኑን የጣለው ቢሮው ነበር። ለቢሮው ትልቅ ድል ነው ተብሎ ተጻፈ። ነገር ግን ሎስ አንጀለስ ታይምስ የባንኩን የሽያጭ ጫና የዘገበው በ2013 ነው። ቢሮው መቼ አወቀ? ለምን ዘገየ? ይህን ያነሱት ቢሮው እንዲዘጋ የሚፈልጉ ሪፐብሊካን ስለነበሩ ብቻ ብዙዎች ጥያቄውን ናቁት። ጠያቂው ጠላት ስለሆነ ጥያቄው አይረክስም። ቢሮውን የሚወድ ሰው ከሁሉ በፊት ሊጠይቀው የሚገባው ይህ ነበር።

ገንዘብ ያልያዘ ጠያቂ ጥርስ የለውም የሚሉ በ2025 የፈለጉትን አገኙ፤ በጁላይ የወጣው ሕግ 12 በመቶውን ወደ 6.5 በመቶ አወረደው። ስለዚህ ኮንግረስ ገመዱን አላጣም ነበር፤ ሕግ አውጥቶ መሳብ ምንጊዜም ይችል ነበር። ግን ይህ ቅነሳ ስለ ቢሮው ሥራ የትኛውን ጥያቄ መለሰ? ያቺ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ሴት የላከችው ብር ወረቀቱ ላይ ካለው አንሶ ቢገኝ አቤቱታዋ በስንት ቀን ይታያል? እንደ እሷ ካመለከቱት ስንቱ ገንዘቡ ተመለሰለት? 30 ደቂቃውን የከለከሉ ስንት ሐዋላ ቤቶች ተቀጡ?