በራሷ የምትቆመው ሲንደሬላ

«ሦስት ፍሬዎች ለሲንደሬላ» ቼኮዝሎቫኪያና ምሥራቅ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1973 በጋራ የሠሩት የቤተሰብ ፊልም ነው። ያዘጋጀው ቫትስላቭ ቮርሊቼክ ሲሆን፣ የታሪኩ መነሻ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቼካዊት ደራሲ ቦዠና ኔምኮቫ የጻፈችው ተረት ነው። ዋናዋን ገጸ ባሕርይ የተጫወተችው ሊቡሼ ሻፍራንኮቫ በቀረጻው ወቅት ዕድሜዋ ገና 20 ዓመት አልሞላም ነበር።

ብዙዎች በሚያውቁት የሲንደሬላ ተረት ልጅቷን ከመከራ የምታወጣት ባለ ተአምር ክርስትና እናቷ ናት። በዚህ ፊልም ግን እንዲህ ያለች ሴት የለችም። ልዑሉ በቀስት የመታው የወፍ ጎጆ በመንገድ ላይ በነበረው የልጅቷ ቤት አገልጋይ በቪንትሴክ ላይ ይወድቃል፤ አገልጋዩም ከውስጡ ያገኛቸውን ቅርፊታቸው ጠንካራ የሆኑ ሦስት ፍሬዎች ለልጅቷ ይሰጣታል። ከመጀመሪያው ፍሬ የአዳኝ ልብስ፣ ከሁለተኛው የግብዣ ቀሚስ፣ ከሦስተኛው የሙሽራ ልብስ ይወጣል። አስማቱ ልብስ ከመስጠት አያልፍም፤ ፈረስ የምትጋልበውም ሆነ ዒላማ የምትመታው በራሷ ችሎታ ነው።

የአዳኝ ልብስ ለብሳ ጫካ ስትገባ ለልዑሉ ወንድ ልጅ ትመስለዋለች። ከረጅም ዛፍ ጫፍ ላይ ያለ ፍሬ በቀስት መትታ ስትጥል በአድናቆት ቀለበት ይሸልማታል። በግብዣው ምሽት ደግሞ ፊቷን በስስ ዓይነ ርግብ ሸፍና ትቀርባለች። ልዑሉ እርሷን እንደሚያገባ ሲናገር፣ ሙሽራዪቱን መጠየቅ መርሳቱን ታስታውሰዋለች። ከዚያም እንቆቅልሽ ትጠይቀዋለች፤ መልሱን ሲያጣ ጥላው ትሄዳለች።

ፊልሙ መጀመሪያ የታሰበው በበጋ ሊቀረጽ ነበር። የምሥራቅ ጀርመኑ ዴፋ ስቱዲዮ ሥራ የሚቀልለው በክረምት በመሆኑ ግን ቀረጻው ወደ ብርዱ ወራት ዞረ። የልዑሉ ቤተ መንግሥት ሆኖ በሚታየው፣ በድሬስደን አቅራቢያ በሚገኘው በሞሪትስቡርግ በቂ በረዶ ባለመጣሉ ሠራተኞቹ የዓሣ ዱቄት ጭምር መሬት ላይ በተኑ። በፊልሙ ላይ በረዶ መስሎ የሚያምረው ዱቄት በቦታው የነበሩትን በመጥፎ ጠረኑ አስቸግሯቸዋል።

ከካሜራው ጀርባም የተደበቀ ታሪክ ነበር። ስክሪፕቱን የጻፈው ፍራንቲሼክ ፓቭሊቼክ በፖለቲካ አቋሙ ከሥራ ታግዶ ስለነበር፣ በጸሐፊነት የሰፈረው የባልደረባው የቦሁሚላ ዘለንኮቫ ስም ነው። አልባሳቱን የነደፈው ቴዎዶር ፒሽቴክ በኋላ «አማዴዎስ» በተሰኘው ፊልም የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። ሙዚቃው የካሬል ስቮቦዳ ነው።

ዛሬ ፊልሙ በቼክ፣ በጀርመንና በኖርዌይ ቴሌቪዥኖች በገና ሰሞን በየዓመቱ ይታያል። በኖርዌይ የሁሉንም ተዋንያን ንግግር፣ የሴቶቹንም ጭምር፣ በኖርዌይኛ የሚያሰማው ክኑት ሪሳን የተባለ አንድ ተዋናይ ነው፤ ተመልካቹም ይህን ለምዶታል። ኖርዌያውያን እ.ኤ.አ. በ2021 ታሪኩን እንደገና በራሳቸው ፊልም ሠርተውታል። በሞሪትስቡርግ ቤተ መንግሥትም ስለ ፊልሙ የሚዘጋጀው የክረምት ኤግዚቢሽን ብዙ ጎብኚዎችን ይስባል። ከ50 ዓመት በኋላም ፊልሙ የሚወደደው ከአስማቱ ይልቅ ዕድሏን ቁጭ ብላ በማትጠብቀው ልጅ ምክንያት ነው።