ከወገብ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሕመምተኛውና የቤተ ሰቡ ድርሻ

ቤት በምሰሶው እንደሚጸና የሰውም አካል በአከርካሪው ይጸናል። ስለዚህ በቋንቋችን ለሥራ የተነሣውን ሰው «ወገቡን ታጠቀ»፣ መከራ የወደቀበትን ደግሞ «ወገቡ ተቈረጠ» እንላለን። ይህ ምሰሶ ታሞ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት የሐኪሙ ሥራ በሰዓታት ውስጥ ይፈጸማል። ሕመምተኛውም በሆስፒታል የሚቈየው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ቀን ብቻ ነው። የቀረው የመዳን ሥራ በሳምንታትና በወራት የሚቈጠር ሲሆን፣ የሚፈጸመውም በገዛ ቤቱ፣ በሚስቱ ወይም በባሏ፣ በልጆችና በጎረቤት እጅ ነው። እንግዲህ ቤተ ሰቡ ምን ማድረግ እንዳለበትና ከምን መጠንቀቅ እንደሚገባው ማወቅ ከመድኃኒቱ የማያንስ ነገር ስለ ሆነ፣ ጥቂት ልንጽፍበት ወደድን።

ሕመሙና ሕክምናው

አከርካሪ በአንገት 7፣ በደረት 12፣ በወገብ 5 አጥንቶች አሉት፤ ከእነዚህም በታች እርስ በርሳቸው ተጣብቀው አንድ የሆኑት ይገኛሉ። በአጥንቶቹ መካከል ዲስክ የተባለ እንደ ትራስ የሚያገለግል ለስላሳ አካል አለ። ይህ ትራስ ተሰንጥቆ ወደ ውጭ ሲወጣ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ይጫናል፤ ከዚህም የተነሣ ከመቀመጫ እስከ እግር ጣት የሚወርድ ጽኑ ሕመም ይመጣል። ነገሩ እንዲህ መሆኑን በሰፊው ያሳወቁት ሚክስተርና ባር የተባሉ የቦስተን ሐኪሞች ሲሆኑ፣ ጽሑፋቸውን ያወጡት በ1934 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ቀዶ ሕክምናው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ የወጣውን የዲስክ ቍራጭ ማንሣት ነው። ሁለተኛው የጠበበውን የነርቭ መተላለፊያ ከአጥንቱ ጥቂት ቀንሶ ማስፋት ነው። ሦስተኛው አጥንትን ከአጥንት በብሎንና በዘንግ አያይዞ አንድ እንዲሆን ማድረግ ነው። የመዳኛው ጊዜ እንደ ሕክምናው ዓይነት ስለሚለያይ፣ ቤተ ሰቡ ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት የተደረገው የትኛው እንደ ሆነ ሐኪሙን ጠይቆ መረዳት አለበት። የጎረቤት ዘመድ በወሩ እርሻ ገባ ተብሎ አጥንቱ የተያያዘለት ሰው በወሩ እንዲሠራ መጠበቅ ከባድ ጕዳት ያመጣልና።

አልጋ የሚያድን አይደለም

ቤተ ሰብ በፍቅር ከሚያደርጋቸው ነገሮች አንዱ ሕመምተኛውን ከአልጋ እንዳይወርድ መከልከል ነው። ቀድሞ ሐኪሞችም ለብዙ ቀን አስተኝተው ያቈዩ ነበር። ዛሬ ግን ሐኪሙ በልዩ ምክንያት ካልከለከለ በቀር ሕመምተኛው በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ቆሞ እንዲራመድ ይደረጋል። ምክንያቱም የማይንቀሳቀስ ሰው ጡንቻው ይመነምናል፤ በእግሩ ሥርም ደም ሊረጋ ይችላል። የረጋውም ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ለሕይወት ያሰጋል።

ስለዚህ በቤት ውስጥ ዋናው መድኃኒት እግር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በአንድ ጊዜ 5 ወይም 10 ደቂቃ፣ በቀን ብዙ ጊዜ፣ በደልዳላ ቦታ መራመድ፤ ከዚያም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ መሄድ ይገባል። ብዙ መቀመጥ ከመራመድ ይልቅ ወገብን ያደክማል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ከተቀመጡ በኋላ ተነሥቶ መንቀሳቀስ መልካም ነው።

ከአልጋ መነሣትም ሥርዐት አለው። ሕመምተኛው ጕልበቱን አጥፎ ትከሻውና ዳሌው በአንድነት እንደ ግንድ ተንከባሎ በጐኑ ይተኛል፤ ቀጥሎ እግሮቹን ከአልጋው እያወረደ በክርኑና በእጁ ራሱን ገፍቶ ይቀመጣል። አስታማሚው እጁን ይዞ ከጀርባው ቀጥ አድርጎ መጐተት የለበትም። አልጋው እግር መሬት የሚነካበት ከፍታ ያለው፣ ፍራሹም የማይሰረጕድ ይሁን። በመሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ማስተኛት ሲተኛም ሲነሣም ወገቡን ስለሚፈትን መቅረት ይኖርበታል። በበርጩማና በዱካ ፋንታ መደገፊያ ያለው ወንበር ይዘጋጅለት። መጸዳጃው ቍጢጥ የሚያስብል ከሆነ፣ መቀመጫው መካከሉን የተበሳ ወንበር በአናጢ ማሠራት ትልቅ ዕረፍት ይሰጠዋል።

ሦስት ነገሮች ግን ለጊዜው ክልክል ናቸው፤ ማጎንበስ፣ ከባድ ነገር ማንሣትና ወገብን መጠምዘዝ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሐኪሞች የሚፈቅዱት ሸክም ብዙውን ጊዜ ከ2 ወይም ከ3 ኪሎ አይበልጥም። ሙሉ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃው ብቻ 20 ኪሎ መሆኑን፣ የአንድ ዓመት ሕፃንም 10 ኪሎ ያህል እንደሚመዝን ማሰብ ይበቃል።

እናት ስትታመም

አባት ሲታመም ቤቱ ገቢ ያጣል፤ እናት ስትታመም ግን ቤቱ ራሱ የቆመ ይመስላል። እርስዋም ይህን ስለምታውቅ ሰው ሲያገለግላት ታፍራለች። በአሥረኛው ቀን ሕመሟ ትንሽ ቀለል ሲላት ልጆቹ እንጀራ አጡ ብላ ከምጣድ ፊት ታጎነብሳለች፤ ወይም ያለቀሰውን ሕፃን ከመሬት አፈፍ ታደርጋለች። በውስጥ ያለው ቍስል ግን ገና አልጸናም። የዲስክ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሰዎች ከ100ው ከ5 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ ዲስኩ ተመልሶ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ሁለተኛ ቢላዋ ያስፈልግ ይሆናል።

ይህን የሚከለክለው «አትሥሪ» የሚል ቃል ብቻ አይደለም። ሥራውን የሚሠራ ሰው ሲገኝ ነው። ባል ውሃ ቢቀዳ፣ ወንድ ልጅም ወጥ ቢያማስል ክብሩ አይቀነስም። እንጀራውን ጎረቤት ወይም የማኅበር እኅት በተራ ልትጋግር ትችላለች። ሕፃኑን ሌላ ሰው አንሥቶ በተቀመጠችበት በእቅፏ ቢያደርግላት ታጠባዋለች፤ ታጫውተዋለችም። እርስዋም በወገብዋ ከፍታ ባለ ጠረጴዛ ፊት ቆማ ሽንኵርት መክተፍን የመሰለ ቀላል ሥራ ስታገኝ፣ ከንቱ የሆነች መስሎ አይሰማትም።

ስለ አስታማሚውም ማሰብ ይገባል። ብዙውን ጊዜ ሸክሙ ሁሉ በአንዲት ሴት ልጅ ላይ ይወድቃል፤ ትምህርቷን ታቋርጣለች፤ ሌሊትም አትተኛም። ቤተ ሰቡ ተሰብስቦ ቀኑንና ሌሊቱን በተራ ቢከፋፈለው፣ አንዱን ለማዳን ሌላው አይታመምም።

ጠያቂዎች

የታመመን መጠየቅ ከመልካም ባሕላችን አንዱ ነው፤ በክርስትናም ታላቅ ዋጋ ያለው ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ሕመምተኛው ለእያንዳንዱ ሽማግሌ ከመቀመጫው ብድግ ሲል፣ ለእያንዳንዱም እንግዳ ለሰዓታት ተቀምጦ ሲያወራ ይደክማል። አባወራው ወይም ታላቅ ልጅ በር ላይ ሆኖ «ሐኪሙ አትነሣ ብሎታልና ይቅር በሉት» ቢል ማንም አይቀየምም። ጠያቂውም ጥቂት ቈይቶ ቢሄድ፣ በባዶ እጅም ከመምጣት ይልቅ ውሃ ቀድቶ ወይም ልጆቹን ከትምህርት ቤት አምጥቶ ቢሄድ፣ ጥየቃው የተሟላ ይሆናል። «እገሌም ይህን ተቀዶ ሽባ ሆነ» የሚል ወሬ ግን በውጭ ይቅር።

ምግብ፣ ጾም፣ ስግደትና ጠበል

ቍስል የሚጠግገው ሰውነት በሚገባ ሲመገብ ነው። እንቍላል፣ ወተትና ሥጋ የሚበላበት ወቅት ከሆነ መልካም ነው። የጾም ወቅት ቢሆን ግን ሕመምተኛ ከጾም ሥርዐት የሚታዘንለት መሆኑን የንስሐ አባቱ ያውቃሉና ከእርሳቸው ጋር ይመካከር። በጾም ምግብ ለመቈየት ቢፈቅድም ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላና ለውዝ ሳይቀነሱ፣ ሆዱንም ሳያስርብ ይብላ። ከሕመም ማስታገሻዎች ጠንካራዎቹ ሆድን ያደርቃሉ፤ ማማጥ ደግሞ ወገብን ያሳምማል። ስለዚህ ብዙ ውሃ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬና በውሃ የተበጠበጠ ተልባ ይጠቅማሉ። ከእነዚህ መድኃኒቶች ጋር ጠላ፣ ጠጅና አረቄ መጠጣት አደገኛ ነው። መድኃኒቱም በሰዓቱ ይወሰድ፤ ከመደብር በራስ ፈቃድ አይጨመርበት። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ቢኖር አሁን ይተው፤ ትምባሆ አጥንት እንዳይያያዝ ያደርጋልና።

ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ስግደት አይሰገድም፤ በቤተ ክርስቲያንም ረጅም ሰዓት መቆም አይገባም። ተቀምጦ ወይም ተኝቶ የሚጸለይ ጸሎት ከቁመት ጸሎት አያንስም። ጠበልን በሚመለከት፣ ቍስሉ ተጠግጎ ስፌቱ እስኪወጣ ድረስ፣ ይኸውም ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ያህል ነው፣ ጀርባው በውሃ እንዳይነከር ያስፈልጋል። እስከዚያው በካህኑ ምክር ሌላ አኳኋን ይፈለግለት፤ በጠበሉ ምክንያት መድኃኒት ማቋረጥ ግን አይገባም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፣ መድኃኒትም ከእግዚአብሔር የተሰጠ መሆኑን ያስተምራልና፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር። ወጌሻ የተቀደደውን ወገብ እንዲያሽ መጥራት ግን ፈጽሞ አይገባም።

ሳይዘገይ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የቍስሉ ሥፍራ ቢያም አያስደንቅም። የእግሩ ሕመም ቶሎ ሊቀልል ይችላል፤ መደንዘዙ ግን ብዙ ወራት ሊቈይ ይችላል፤ የተጐዳ ነርቭ የሚያድገው በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነውና። ነገር ግን የሚከተሉት ሲታዩ «እስኪነጋ እንይ» ማለት አይገባም፦

ሽንት ወይም ዐይነ ምድር መቈጣጠር ሲያቅት፣ ወይም ሽንት አልወጣ ሲል፤ በጭኖች መካከልና በመቀመጫ ዙሪያ ሲደነዝዝ፤ እግር እየሰነፈ ሲሄድ፤ ትኩሳት ከ38 ዲግሪ ሲያልፍ፤ ቍስሉ ሲቀላ፣ ሲያብጥ፣ መግል ወይም እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ሲያወጣ፤ ቆሞ ሳለ የሚበረታና ሲተኛ የሚቀልል ጽኑ ራስ ምታት ሲመጣ፤ አንድ ባት አብጦ ሲያም፤ ትንፋሽ ሲያጥር ወይም ደረት ሲወጋ። ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱና የመጨረሻው የሰዓታት ጉዳይ ናቸው።

ወደ ሥራ መመለስ

ዲስክ የተነሣለት ሰው የጽሕፈት ሥራ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ የጕልበት ሥራ ከሆነ ከ6 እስከ 12 ሳምንት በኋላ ሊመለስ ይችላል። አጥንቱ የተያያዘለት ሰው ግን ለከባድ ሥራ ከ3 እስከ 6 ወር ወይም ከዚያ በላይ መታገሥ አለበት። ጠንካራ ማስታገሻ የሚወስድ መኪና አይነዳም። ወደ ሩቅ አገር በአውቶቡስ የሚመለስም በየሰዓቱ ያህል ወርዶ መራመድ የሚችልበትን መንገድ አስቀድሞ ያዘጋጅ። ስለ መኝታ ነገር ባልና ሚስት ሐኪሙን ሳያፍሩ ይጠይቁ፤ እስኪፈቀድም ይተዛዘኑ።

ቀኖች ሁሉ እኩል አይደሉም። ዛሬ መቶ እርምጃ የሄደ ሰው ነገ ኀምሳ ሲያቅተው ልቡ ይሰበራል፤ ሌሊቱም ይረዝምበታል። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ተግሣጽም ሐዘንም አይደለም። «ባለፈው ሳምንት እስከ በሩ እንኳ አልደረስህም ነበር» ብሎ የሚያስታውሰው ሰው ነው። አብሮት እስከ አጥሩ የሚራመድ፣ በፍጥነቱም የማይቀድመው አንድ የቤተ ሰብ አባል ካለው፣ ሐኪሙ የጀመረው ሥራ ፍጻሜ ያገኛል። እግዚአብሔር ለታመሙት ምሕረትን፣ ለሚያስታምሙትም ትዕግሥትን ይስጥ።