ከፊስቱላ በኋላ ሕይወት አለ፦ ተረቱና እውነታው

ምጥ ጠንቶባት ለቀናት የተሰቃየች እናት ብዙውን ጊዜ ልጇን ታጣለች። ኀዘኗ ሳይወጣላት ሽንቷ ያለማቋረጥ መፍሰስ ይጀምራል፤ ይህ ጉዳት ፊስቱላ ይባላል። ከዚያ ባል ይሸሻል፣ ጎረቤት ይርቃል፣ እሷም ከገበያውና ከለቅሶ ቤቱ ትቀራለች። ይህች ሴት ሕይወቷን ዳግም እንዳትገነባ ከሚያግዷት ነገሮች መካከል በዙሪያዋ የሚወራው የተሳሳተ ወሬ አንዱ ነው። ዋና ዋናዎቹን እንያቸው።

ተረት፦ ፊስቱላ እርግማን ወይም የኃጢአት ቅጣት ነው።

እውነታ፦ የወሊድ ጉዳት ነው። ምጡ ሲራዘም የሕፃኑ ጭንቅላት የእናቲቱን ገላ ከዳሌ አጥንቷ ጋር አጣብቆ ይጫነዋል። ደም የተቋረጠበት ሥጋ ይሞትና በሽንት ፊኛ፣ አንዳንዴም በፊንጢጣ በኩል ቀዳዳ ይፈጠራል። በልጅነታቸው የተዳሩ ሴቶች በይበልጥ ይጋለጣሉ፤ ነገር ግን ብዙ የወለደች እናትም ምጧ ተራዝሞ በጊዜው የሚያዋልዳት ባለሙያ ካጣች ልትጎዳ ትችላለች። በደል የሠራ ሰው መፈለግ ከንቱ ነው፤ የጎደለው ሕክምና ነው።

ተረት፦ ውሃ ካልጠጣች ሽንቱ ይቀንስላታል።

እውነታ፦ ብዙ ሴቶች በኀፍረት ውሃ ይተዋሉ። ይሁን እንጂ ውሃ ሲያንስ ሽንቱ ይወፍራል፣ ሽታው ይጠነክራል፣ ቆዳዋን ያቃጥላል፣ ጠጠርም ሊፈጠር ይችላል። በደንብ መጠጣት አለባት።

ተረት፦ መድኃኒት የለውም፤ ዓመታት ካለፉ ደግሞ ጨርሶ አይድንም።

እውነታ፦ ይድናል። ጉዳቱ እንደደረሰ ፈጥና ወደ ጤና ተቋም ከመጣች ትንንሽ ቀዳዳዎች ወደ ፊኛ በሚገባ የሽንት ማፍሰሻ ቱቦ ብቻ፣ ያለ ቀዶ ሕክምና የሚድኑበት ጊዜ አለ። ሌሎቹ በቀዶ ሕክምና ይጠገናሉ። ባልና ሚስቱ ሐኪሞች ዶ/ር ሬጂናልድና ዶ/ር ካትሪን ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። ሆስፒታሉ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፎች አሉት፤ ሕክምናውም በነፃ ነው። እስካሁን ከ60,000 በላይ ሴቶች ታክመውበታል። ከአሥር ቀዶ ሕክምናዎች ዘጠኝ ያህሉ ቀዳዳውን ይዘጋሉ፤ ለብዙ ዓመታት ተደብቀው የኖሩ ሴቶችም ታክመው ድነዋል።

ተረት፦ የዳነች ሴት ዳግመኛ መውለድ አትችልም።

እውነታ፦ ብዙዎች ይወልዳሉ። ግን የተጠገነው ቦታ እንዳይቀደድ ቀጣዩ ወሊድ በሆስፒታል፣ አብዛኛውን ጊዜም በቀዶ ሕክምና መሆን አለበት።

ተረት፦ ቀዳዳው ከተዘጋ ሁሉም ነገር ወደ ነበረበት ይመለሳል።

እውነታ፦ አንዳንዶቹ ቀዳዳው ተዘግቶም ሽንት ያመልጣቸዋል። ነርቫቸው ተጎድቶ እግራቸውን የሚጎትቱ፣ እንደገና መራመድ የሚለማመዱም አሉ። የሞተው ልጅ አይመለስም፤ ትዳሩ ፈርሶ፣ መተዳደሪያ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። የፊስቱላ ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ2002 ያቋቋመው ደስታ መንደር መጀመሪያ የታሰበው ጉዳታቸው ሙሉ በሙሉ ሊጠገን ላልቻለ ሴቶች ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ሴቶች ሙያ ተምረው ራሳቸውን ችለው የሚወጡበት ማዕከል ሆኗል። ከቀዶ ሕክምናው እኩል እንጀራ የሚያበላ ሥራም ያስፈልጋል።

ተረት፦ ከዚህ መከራ ወጥቶ የሚቆም ልዩ ብርታት ያለው ሰው ብቻ ነው።

እውነታ፦ ወ/ሮ ማሚቱ ጋሼን እንመልከት። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ ምጥ ጠንቶባቸው፣ ልጃቸው ሞቶ፣ ፊስቱላ ይዟቸው እ.ኤ.አ. በ1962 አዲስ አበባ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ደረሱ። ፊደል አልቆጠሩም። ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። እዚያው ቀርተው አልጋ ማንጠፍ፣ ሕሙማንን መርዳት፣ ከዚያም በቀዶ ሕክምና ክፍል መሣሪያ ማቀበል ጀመሩ። በዚያን ጊዜ እዚያ ይሠሩ የነበሩት ዶ/ር ሬጂናልድ ሃምሊን እጃቸው ብልህ መሆኑን አይተው አስተማሯቸው፤ እሳቸውም የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1989 የእንግሊዝ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ሰርጅንስ ከሃምሊን ባልና ሚስት ጋር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለማቸው።

ብርታታቸው አያጠያይቅም። ነገር ግን ብርታቱ ፍሬ ያፈራው አልጋ የሰጣቸው፣ ሥራ ያቀበላቸው፣ ያስተማራቸው ሰው ስለነበረ ነው። ተጎጂዋን «አይዞሽ፣ ጠንክሪ» ብሎ ብቻ መተው ሸክሙን ሁሉ በእሷ ትከሻ ላይ መጫን ነው።

በሰፈራችሁ ከሰው የተሸሸገች እንዲህ ያለች ሴት ካለች ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ንገሩ፤ ሕክምናው በነፃ መሆኑንም ለእሷና ለቤተሰቧ አስረዱ። ታክማ ስትመለስ ደግሞ ቡና ጥሯት፣ ዕቁብና ዕድር አስገቧት፣ ሥራ ስጧት። ሐኪም ቁስሉን ይዘጋል፤ በሰው መካከል ያላትን ቦታ የምንመልስላት ግን እኛ ነን።