የወተት ጥርስ አጠባበቅና ግግ የማስወጣት ልማድ

መግቢያ

የወተት ጥርስ ጊዜውን ጠብቆ የሚወልቅ በመሆኑ በብዙ ወላጆች ዘንድ እንክብካቤ የሚያስፈልገው ሆኖ አይታይም። ይህ አስተሳሰብ ሁለት ጉዳቶችን ያስከትላል። አንደኛው ጥርሱ ገና ከድድ ሳይወጣ ግግ ነው ተብሎ በስለት ተፈንቅሎ መውጣቱ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከወጣ በኋላ ተቦርቡሮ ሕፃኑን ለሕመምና ለምግብ እጦት መዳረጉ ነው። ሁለቱንም መከላከል የሚቻለው በጥርስ ክሊኒክ ብቻ ሳይሆን ይበልጡን በክትባት፣ በሕፃናት ሕክምናና በእናቶች ምክር ክፍሎች በመሆኑ፣ ይህ ጽሑፍ በእነዚህ ክፍሎች ለሚሠሩ ባለሙያዎች የቀረበ ነው።

የወተት ጥርስ አበቃቀልና ጥቅም

የወተት ጥርሶች በቁጥር 20 ናቸው። በአብዛኛው በስድስተኛው ወር ገደማ የታችኞቹ መካከለኛ የፊት ጥርሶች በቅድሚያ ይበቅላሉ። ክራንቻዎች ከድድ የሚወጡት ከ16 እስከ 23 ባሉት ወራት ሲሆን፣ ሁሉም ተሟልተው የሚገኙት በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ነው። የጥቂት ወራት መቅደም ወይም መዘግየት በራሱ የበሽታ ምልክት አይደለም።

እነዚህ ጥርሶች ለማኘክና ቃላትን አስተካክሎ ለመናገር ያገለግላሉ። ከዚህም በላይ ከሥራቸው ለሚያድጉት ቋሚ ጥርሶች ቦታ ጠብቀው ያቆያሉ። የኋለኞቹ የወተት መንጋጋዎች እስከ 10 ወይም 12 ዓመት ድረስ የሚቆዩ ስለሆኑ ያለጊዜያቸው ቢነቀሉ ጎረቤት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፤ ቋሚዎቹም ተጣምመው ይወጣሉ። በስድስት ዓመት ገደማ ከሁሉም በስተኋላ የሚበቅለው መንጋጋ የማይተካ ቋሚ ጥርስ መሆኑን ለወላጆች ማስረዳት ይገባል፤ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ የሚወጣ በመሆኑ ብዙዎች የወተት ጥርስ ይመስላቸዋልና።

ግግ ማስወጣት

ከአራት እስከ ስምንት ወር ባለው ዕድሜ ክራንቻው በሚበቅልበት ስፍራ ድዱ አበጥና ነጣ ብሎ ይታያል። ይህ ከሥሩ በመሠራት ላይ ያለው ጥርስ የሚፈጥረው ተፈጥሯዊ እብጠት ነው። በአገራችንና በሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ግን እብጠቱ የተቅማጥ፣ የትውከትና የትኩሳት መንስኤ እንደሆነ ስለሚታመን፣ የልማድ ሐኪሞች ድዱን በስለት ወይም በሌላ ሹል ነገር ሰንጥቀው ያልጠነከረውን የጥርስ እንቡጥ ያወጣሉ። ለስላሳና ነጭ ሆኖ በመታየቱም ትል እንደወጣ ለእናቲቱ የሚነገርበት ጊዜ አለ።

ተቅማጡና እብጠቱ በአንድ ወቅት መከሰታቸው እውነት ነው፤ ምክንያታቸው ግን የተለያየ ነው። በዚህ ዕድሜ ሕፃኑ ከእናቱ ያገኘው የመከላከል ኃይል ይቀንሳል፣ ተጨማሪ ምግብ ይጀምራል፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል። የተቅማጡ ምንጭ በነዚህ መንገዶች የሚገባ ተሕዋስ እንጂ ጥርስ አይደለም።

የድርጊቱ ጉዳት ወዲያውኑም ሆነ ዘግይቶ ይታያል። ደም መፍሰስ፣ የድድና የመንጋጋ አጥንት መመረዝ፣ ወደ ደም የሚዛመት ኢንፌክሽን፣ መንጋጋ ቆልፍ እንዲሁም ንጹሕ ባልሆነ መሣሪያ የሚተላለፍ ኤች.አይ.ቪ. ይገኙበታል። ሕፃኑ በሕመሙ ምክንያት መጥባት ሲያቆም በተቅማጥ የጀመረው የፈሳሽ እጥረት ይባባሳል። ከሞት የተረፈው ልጅም የወተት ክራንቻው ይጎድላል፤ ቋሚው ክራንቻም ተበላሽቶ ሊወጣ ወይም ጨርሶ ላይበቅል ይችላል። ይህ ጉዳት ወደ እስራኤል በሄዱ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ልጆች ላይም በጥናት ተመዝግቧል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ግግ በማስወጣት የሕፃን ሞት ማስከተልን የሚያስቀጣ አድርጎታል።

እናቲቱን እንዴት እናስረዳ?

እናቲቱ ልጇን ወደ ልማድ ሐኪም የምትወስደው ከፍርሃትና ከፍቅር የተነሣ በመሆኑ፣ ቁጣና ዘለፋ ልጁን ከመደበቅ በቀር ውጤት የለውም። ጠቃሚው ዘዴ ለክትባት ከመጡት መካከል ተቅማጥ የሌለበትን፣ በተመሳሳይ ዕድሜ የሚገኝ ጤናማ ሕፃን በወላጁ ፈቃድ አሳይቶ ድዱ ላይ ያንኑ እብጠት እንድታይ ማድረግ ነው። አያቶችና አባቶችም በምክሩ ቢሳተፉ ይመረጣል፤ ውሳኔው ብዙ ጊዜ የእነርሱ ነውና።

ይሁንና «አታስወጪ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ተቅማጡ ሊታከምላት ይገባል። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር መስጠት፣ ጡት ማጥባት አለማቋረጥ፣ እንዲሁም ዚንክ ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን በቀን 10፣ ከዚያ በላይ ለሆነው 20 ሚሊግራም ከ10 እስከ 14 ቀናት መስጠት የታወቀው ሕክምና ነው።

በሌላ በኩል በተቅማጥ ወይም በትኩሳት የመጣን ሕፃን ሁሉ አፉን ከፍቶ መመልከት ያስፈልጋል። ድዱ ተሰንጥቆ ከተገኘ የደም ማነስ፣ የኢንፌክሽንና የፈሳሽ እጥረት ምልክቶች ይመረመራሉ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱ የተሟላ መሆኑም ይረጋገጣል።

የጥርስ መቦርቦርን መከላከል

ጣፋጭ ነገር በተደጋጋሚ ሲወሰድ በጥርስ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም የጥርሱን ልባስ ያሟሟል። በጡጦ የተሞላ ጣፋጭ ወተት፣ ሻይ ወይም ጭማቂ ይዞ የሚያንቀላፋ ሕፃን ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው፤ በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚቀንስ አሲዱ አይታጠብምና። በቅድሚያ የሚጎዱት የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ናቸው። ከንፈርን ገለጥ አድርጎ ሲታይ በድዱ ጠርዝ የኖራ መልክ ያለው ነጭ መስመር ከተገኘ፣ ገና ሳይቦረቦር ሊገታ የሚችል ጅማሬ ነው፤ ቡናማ ጉድጓድ ከሆነ ግን ወደ ጥርስ ሐኪም ይላካል።

ለወላጆች የሚሰጠው ምክር የሚከተለው ነው፦

1. እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ ማጥባት፤ ከዚያ በኋላ ከጡጦ ይልቅ በሲኒ ማጠጣት፤ በምግብና በመጠጥ ስኳር አለመጨመር።

2. የመጀመሪያው ጥርስ እንደወጣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በተለይም ከመኝታ በፊት፣ በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት፤ ብሩሽ ከሌለ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ መጥረግ።

3. የፍሎራይድ ሳሙና ከተገኘ እስከ ሦስት ዓመት የሩዝ ፍሬ፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት የአተር ፍሬ ያህል ብቻ መጠቀም፤ እንዳይውጠውም መከታተል።

4. ልጁ ራሱን ችሎ በሚገባ እስኪያጸዳ፣ ማለትም እስከ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት፣ ወላጅ እንዲያግዘው ማድረግ።

በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የአንዳንድ ጉድጓዶች ውኃ የዓለም ጤና ድርጅት ከወሰነው 1.5 ሚሊግራም በሊትር የበለጠ ፍሎራይድ ይዟል። ቋሚ ጥርሶች ገና በሕፃንነት ስለሚሠሩ ጥርስን የሚያበልዘው ጉዳት የሚጀምረው በዚሁ ዕድሜ ነው። ስለዚህ በእነዚህ ቦታዎች ለሕፃናት መጠጥና ምግብ አነስተኛ ፍሎራይድ ያለው ውኃ እንዲመረጥ መምከር፣ የፍሎራይድ እንክብልንም አለማዘዝ ተገቢ ነው።

ማጠቃለያ

የአሥራ አራተኛው ሳምንት ክትባት የሚሰጠው እብጠቱ ከመታየቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ሲሆን፣ የኩፍኝ ክትባት የሚሰጥበት ዘጠነኛ ወር ደግሞ ለብዙዎቹ ከአደጋው በኋላ ነው። ስለ ግግ የሚሰጠው ምክር በአሥራ አራተኛው ሳምንት ካልተነገረ ብዙ ጊዜ ይዘገያል። ስለ ጽዳትና ስለ ጡጦ የሚሰጠው ምክር በስድስተኛው ወር፣ ከንፈርን ገልጦ ማየቱም ከዘጠነኛው ወር ጀምሮ በየቀጠሮው ቢከናወን፣ ያለ ልዩ መሣሪያና ያለ ተጨማሪ ወጪ ብዙ ሕፃናትን ከሕመምና ከሞት መታደግ ይቻላል።