የወንበሩ ዕድሜ፣ የዝሆን ጥርሱ ዕድሜ

እ.ኤ.አ. በ2013 የንግሥት ማሪ አንቷኔት ናቸው የተባሉ ሁለት ወንበሮች በፈረንሳይ በብሔራዊ ቅርስነት ተመዘገቡ። የቬርሳይ ቤተ መንግሥት ለመግዛት አቅም ሲያጥረው አንድ የኳታር ልዑል በ2 ሚሊዮን ዩሮ ወሰዳቸው። ወንበሮቹ ግን ንግሥቲቱን አያውቋትም፤ በዘመናችን የተሠሩ ፎርጅድ ነበሩ።

የሠሯቸው ሰዎች ተራ አጭበርባሪዎች አይደሉም። ቢል ፓሎ ስለ 18ኛው ክፍለ ዘመን መቀመጫዎች መጽሐፍ የጻፈ፣ ሶርቦን ያስተማረ፣ ሌሎች ወንበር ሲያጠራጥራቸው የሚያማክሩት ሊቅ ነበር። ብሩኖ ዴኑ ደግሞ የቬርሳይን ዕቃዎች ሳይቀር የሚጠግን እንጨት ቀራጭ። ነገሩ በ2007 ገደማ «ይነቃብን ይሆን?» በሚል ጨዋታ ተጀመረ። ዘመኑን የሚመስል አሮጌ የወንበር ክፈፍ በርካሽ ይገዛል፤ ዴኑ ይቀርጸዋል፣ ያስረጀዋል፤ ከዚያ ዕቃው በነጋዴ በኩል ወደ ትልቁ ገበያ ይገባል። ፓሎ በችሎት ራሱን ጭንቅላት፣ ዴኑን እጅ አድርጎ ገልጿል።

ከተጠራጠሩት አንዱ የፓሎ የቀድሞ ተማሪ ሻርል ኡርማን ነው። ዴኑ እንጨት ለማስረጀት ሊኮሪስ የሚባለውን ጣፋጭ ሥር አቅልጦ እንደሚቀባ ያውቅ ስለነበር የተጠራጠረውን ወንበር በምላሱ ላሰው። ጣፈጠው!

የፖንቷዝ ፍርድ ቤት ሁለቱን በሰኔ 2025 ጥፋተኛ አላቸው። ለፓሎ ከተፈረደው 4 ዓመት ውስጥ 3 ዓመት ከ8 ወሩ በገደብ ነው፤ 200 ሺህ ዩሮም ተቀጥቷል። ለኳታሩ ልዑል ወንበሮቹን የሸጠው ነጋዴ ነጻ ወጥቷል።

ወንበሮቹን ሊገዛ የፈለገው ቬርሳይ እንዴት ተታለለ? መልሱ ያለው በ1793 ነው። የፈረንሳይ አብዮተኞች የቤተ መንግሥቱን ዕቃ በ17,182 ምድብ ከፋፍለው ለአንድ ዓመት ያህል በጨረታ ቸበቸቡት። ዕቃው ስለተበተነ «አንድ የንግሥት ወንበር ከሆነ ቤት ተገኘ» የሚለው ወሬ ዛሬም ይታመናል። የጠፋውን የሚፈልግ ሰው ሲያገኘው ብዙ አይጠይቅም፤ ፓሎም የጎደለውን ከመዝገብ ያውቅ ነበር።

በዝሆን ጥርስ ገበያ ደግሞ ዕድሜ የሚጨመርበት ምክንያት ሌላ ነው። እዚያ እርጅና ዋጋ ማናሪያ ብቻ ሳይሆን ከሕግ ማምለጫም ነው። ዓለም አቀፉ የንግድ እገዳ በ1989 ከተወሰነ በኋላ አገሮች አንድ በአንድ በሩን አጠበቡ። አሜሪካ 100 ዓመት የሞላውን ጥንታዊ ዕቃ ትፈቅዳለች፤ ማስረዳቱ ግን የባለቤቱ ዕዳ ነው። በ2022 ሥራ ላይ የዋለው የብሪታንያ ሕግ ከ1947 በፊት ተሠርቶ የዝሆን ጥርሱ ከ10 በመቶ በታች የሆነ ዕቃ በምዝገባ እንዲሸጥ ይፈቅዳል። ስለዚህ በዝሆን ጥርስ የተለበጠ ያማረ የፈረንሳይ መሳቢያ ያለው ሰው ዛሬ ከውበቱ በፊት መቶኛውን ያሰላል።

ይህ ንግድ ለእኛም ባዕድ አይደለም። የኤርትራ ባሕር ዙሪያ ጉዞን የሚተርከው የአንደኛው ክፍለ ዘመን የግሪክ ጽሑፍ ከዓባይ ማዶ የመጣ የዝሆን ጥርስ በአክሱም በኩል አዱሊስ ይደርስ እንደነበር መዝግቧል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2015 ደግሞ አዲስ አበባ ላይ 6.1 ቶን የተያዘ የዝሆን ጥርስ ተቃጥሏል፤ ከጥሬው ጥርስ ጋር የተቀረጹ ጌጣጌጦችም ነበሩበት።

ጥርሱን ከአጥንትና ከፕላስቲክ መለየት አይከብድም፤ በአግድም የተቆረጠው ገጽ ላይ መስመሮች እንደ መረብ ይጠላለፋሉ። ዕድሜውን ለማወቅ ግን ቤተ ሙከራ ያስፈልጋል። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የተካሄዱት የኒውክሌር ሙከራዎች በአየር ላይ የለቀቁት ራዲዮአክቲቭ ካርቦን ከዚያ ወዲህ ባደገ ጥርስ ውስጥ ይገኛል። ምርመራው የሚናገረው ግን ጥርሱ ያደገበትን ጊዜ እንጂ የተቀረጸበትን አይደለም። አንድ ሰው የቅድመ አያቱን የዝሆን ጥርስ ከምድር ቤት አውጥቶ ትናንት ቢቀርጸው ካርቦኑ አይከሰውም፤ የዴኑ አሮጌ ክፈፎችም የተመረጡት እንጨታቸው አሮጌ ስለሆነ ነበር።