ስልክ ጉልበቱን የሚያወጣው መቼ ነው?

ሰፈር ውስጥ የኔትወርክ ታወር ሲተከል ብዙ ሰው ይሰጋል። ያው ሰው ግን ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ሰዓት ሙሉ ያወራል። በእኔ እምነት ስጋቱ ቦታውን ስቷል፤ ስልክ አዘውትሮ ለሚያወራ ሰው ጭንቅላቱ የሚቀበለው የሬዲዮ ሞገድ በአብዛኛው የሚመጣው ከራሱ ስልክ ነው።

ሞገድ ከምንጩ ሲርቅ ቶሎ ይዳከማል፦ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው ወደ ሩብ ይወርዳል። ታወሩ ላይ የተሰቀሉት ረጃጅም አንቴናዎችም የሚልኩት ወደ ፊት፣ ወደ ሩቅ እንጂ ወደ እግራቸው ሥር አይደለም። ስልኩ ግን ጆሮ ላይ ነው ያለው።

ደግሞም ስልክ ሁልጊዜ በአንድ ጉልበት አይልክም። ታወሩ «ጨምር፣ ቀንስ» እያለ ያዘዋል፤ በ3ጂ ይህ ትእዛዝ በሰከንድ 1500 ጊዜ ይደርሰዋል። ታወሩ ቅርብ ከሆነ ሹክሹክታ ይበቃዋል፤ ሲርቅ ወይም ወፍራም ግድግዳ ሲጋርደው፣ ወንዝ ማዶ ያለ ጎረቤቱን እንደሚጣራ ሰው ይጮኻል። የተለመደው የ4ጂ ስልክ ቢበዛ 0.2 ዋት ያህል ይልካል። ገጠር መንገድ ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ ባትሪ ቶሎ የሚያልቅበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ጩኸት ነው። ታወሩን ከሰፈር ማራቅ እንግዲህ የነዋሪውን ስልክ ሁሉ ማስጮህ ይሆናል።

ሰውነት ለሚቀበለው ሞገድ የተቀመጠው ገደብስ ከየት መጣ? ይህ ሞገድ እንደ ራጅ የሰውነትን ሞለኪውል የመበጠስ አቅም የለውም፤ በእርግጥ የታወቀው ጉዳቱ ሙቀት ነው። መላ ሰውነት በኪሎ 4 ዋት ያህል ሲቀበል ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ባለሙያዎች ይህን ለ50 አካፍለው ለሕዝብ 0.08 ዋት አደረጉት። ስልክ አንድ ቦታ ላይ ስለሚያተኩር ግን ለጭንቅላት የተለየ ልክ አለው፦ ዓለም አቀፉ መመሪያ በኪሎ 2 ዋት ይላል፣ አሜሪካ 1.6።

የስልኩ ቁጥር የሚለካው በፈሳሽ በተሞላ የሰው ራስ ቅርጽ ላይ ነው፤ ስልኩ ባለ በሌለ ኃይሉ እየላከ። ስለዚህ 0.6 የተጻፈበት ስልክ 1.2 ከተጻፈበት በግማሽ ያነሰ ሞገድ ይሰጣችኋል ማለት አይደለም። ቁጥሩን በብዙ ስልኮች *#07# ደውሎ ማየት ይቻላል። ገደቡ የወረቀት ጌጥም አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ2023 ፈረንሳይ አይፎን 12ን ከገበያ አስወጥታ ነበር፤ በእጅ ወይም በሱሪ ኪስ እንደተያዘ ሆኖ ሲለካ ለእጅና ለእግር ገደቡ 4 ሳለ 5.74 በማሳየቱ ነው። አፕል በሶፍትዌር አስተካከለው።

ካንሰርስ? የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 የሬዲዮ ሞገድን «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ከሚለው ምድብ አስገብቶታል። ድርጅቱ አስጠንቶ በ2024 የወጣው ሰፊ ግምገማ ግን ከአንጎል ካንሰር ጋር ግንኙነት አላገኘም። በረጅም ወሬ ጆሮን የሚያግለውም ከሞገዱ ይልቅ በአብዛኛው የባትሪውና የስልኩ የራሱ ሙቀት ነው።

መቀነስ ለሚፈልግ መንገዱ ቀላል ነው። ኢርፎን ወይም ላውድ ይጠቀም፤ ኔትወርኩ ሲደክም ወደ መስኮት ይጠጋ ወይም ቴክስት ይላክ። «ጨረር መከላከያ» ተብሎ የሚሸጠውን ተለጣፊ ግን አይግዛ፤ አንቴናውን ከጋረደው ስልኩ ታወሩን ለማግኘት ጉልበቱን ይጨምራል።