ፍቺ፣ ልጅና ጠበቃ፤ በቤተሰብ ችሎት ደጃፍ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን የመጻሕፍት ንባብ ብቻ አይደለም። በዚህ ዓመት በሁለተኛው መንፈቅ፣ በአዲስ አበባ ከሚገኙት የቤተሰብ ችሎቶች በአንደኛው ደጃፍ ለጥቂት ሳምንታት እየሄድን እንቀመጥ ነበር። ዓላማችን የችሎቱን አሠራር መመልከት ነበር፤ ነገር ግን ደብተርና እርሳስ መያዛችንን ያዩ ባለጉዳዮች የፍርድ ቤቱ ጸሐፊዎች መስለናቸው ይጠይቁን ጀመር። ተማሪዎች መሆናችንን ብንነግራቸውም ጥያቄው አልቆመም። «ታዲያ የተማረ ሰው ይህን ካላወቀ ማን ይወቀው?» ያሉን አንድ አዛውንት ነበሩ። መልስ አጥተን ያፈርንባቸውን ጥያቄዎች ይዘን ወደ ሕጉ ተመለስን፤ መምህሮቻችንንም ጠየቅን፤ ያገኘነውንም እነሆ ጽፈናል።

ከሁሉ ይልቅ የማንረሳው የአንዲት እናት ጥያቄ ነው። በላስቲክ ጠቅልለው የያዙትን ወረቀት አውጥተው አሳዩን። ከስድስት ዓመት በፊት ከባላቸው ጋር ባለመስማማታቸው ሽማግሎች ተቀምጠው ለያይተዋቸዋል። ወረቀቱም ባልና ሚስቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ መፋታታቸውን፣ ልጁ ከእናቱ ጋር እንዲኖርና አባትም በየወሩ ቀለብ እንዲቈርጥ ይናገራል፤ አምስት ሽማግሎችም ፈርመውበታል። አባት ሁለት ዓመት ያህል ከከፈለ በኋላ አቋረጠ። እናትየዋ የመጡት እንግዲህ በወረቀቱ መሠረት ያልተከፈለው እንዲከፈላቸው ለማመልከት ነው። በመዝገብ ቤት የተነገራቸው ግን ወረቀቱ ፍርድ አለመሆኑና፣ ፈታሁት ያሉትን ሰው ገና ፍቺ መጠየቅ የሚገባቸው መሆኑ ነው። «እንግዲያው ስድስት ዓመት ሙሉ ባለ ባል ነበርኩ ማለት ነው?» አሉን።

መልሱን ለማስረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የባልና ሚስትን ጠብ የሚያዩትና ፍቺንም የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ዳኞች የሚባሉ ሽማግሎች እንዲሆኑ ደንግጎ ነበር። ይህም ከአገሩ ልማድ ጋር የተስማማ ነበር፤ በሰማንያ የተጋቡ ሰዎች ሲጋቡም ሲፋቱም ሽማግሌ አይለያቸውም ነበርና። ሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለት አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ከሽማግሎች አንሥቶ ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጠ። ይህ አዋጅ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን አላቸው፤ ለምሳሌ የአማራና የኦሮሚያ ክልሎች ሕጋቸውን ያወጡት በ1995 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ባለጉዳይ ሁሉ አስቀድሞ የሚኖርበትን ክልል ሕግ መመልከት ይገባዋል።

ሽማግሎች ግን ጨርሰው አልተሻሩም። ፍርድ ቤቱ ባልና ሚስቱ ራሳቸው በመረጧቸው ሽማግሎች አማካይነት እንዲታረቁ ሊመራቸው ይችላል። ሽማግሎቹም ያስታርቃሉ፤ ዕርቁ ሆነም አልሆነም ውጤቱን ለፍርድ ቤት ያስታውቃሉ፤ ማፋታት ግን አይችሉም። ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ደግሞ አለ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት፣ ለረዥም ዘመን ተለያይተው የየራሳቸውን ኑሮ የመሠረቱ ሰዎችን፣ የፍቺ ፍርድ ባይኖርም እንኳ ትዳራቸው እንደ ፈረሰ የቆጠረበት ጊዜ አለ። ይህን አተረጓጎም የሚነቅፉት የሕግ ሊቃውንት ብዙ ናቸው፤ እኛም ከነቃፊዎቹ ወገን ነን። አንድ ሰው ባለትዳር መሆን አለመሆኑን የሚያውቀው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ያውም በንብረት ወይም በውርስ ክርክር ጊዜ ከሆነ፣ ሕጉ ፍቺን ለፍርድ ቤት የሰጠበት ምክንያት ከንቱ ይሆናል።

ቀጥሎ በብዛት የሰማነው ጥያቄ «ጥፋቱ የእሱ መሆኑን ላስረዳ ስንት ምስክር ያስፈልገኛል?» የሚል ነው። አንድ ጐልማሳ የሚስታቸውን መማገጥ የሚመሰክሩ ሰባት ሰዎች በመኪና ጭነው መምጣታቸውን አይተናል። ይህ አሳብ ከአሮጌው ሕግ የቀረ ነው። የ1952ቱ ሕግ የፍቺን ምክንያት ከባድና ሌላ ብሎ ይከፍል ነበር፤ ዝሙትም ከከባዶቹ አንዱ ነበር፤ ጥፋተኛውም በንብረት ክፍያ ሊቀጣ ይችል ነበር። በዛሬው ሕግ ግን ፍቺ የሚጠይቅ ሰው ምክንያቱን ቢገልጽም ባይገልጽም ማመልከቻው ይታይለታል። ፍርድ ቤቱ ሁለቱን ለየብቻም ሆነ በአንድነት አነጋግሮ አሳባቸውን እንዲለውጡ ይሞክራል፤ ካልሆነም ከሦስት ወር የማይበልጥ የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣቸዋል። ያም ካልረዳ ፍቺው ይወሰናል። ሁለቱም ተስማምተው የመጡ እንደ ሆነ ስምምነታቸውን በጽሑፍ አቅርበው ያጸድቃሉ፤ ለምን ትፋታላችሁ ተብለው አይገደዱም። ጥፋት የሚመረመረው አንደኛው በሌላው ጥፋት ጉዳት ደርሶብኛልና ልካስ ያለ እንደ ሆነ ነው፤ እሱም ፍርድ ቤቱ ለፍትሕ አስፈላጊ መሆኑን ሲያምንበት ነው።

ከእኛ አንዳንዶቻችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስላደግን ጋብቻ ሰው የማይፈታው ማሰሪያ መሆኑን ስንማር ኖረናልና፣ ምክንያት የማይጠይቅ የፍቺ ሕግ መጀመሪያ አስደንግጦን ነበር። ነገር ግን በችሎት ተቀምጠን ካየን በኋላ አሳባችን ተለወጠ። ጥፋት ሲቈጠር የሚውልበት ችሎት የልጁን ጉዳይ የሚሰማበት ጊዜ አይተርፈውም። በመኪና የመጡት ሰባቱ ምስክሮች ሳይሰሙ ተመለሱ፤ ልጆቹ የት እንደሚማሩና ማን እንደሚያደርሳቸው ሲጠየቅ ግን ጐልማሳው የሚመልሱት አልነበራቸውም።

ስለ ልጅ የሚነገረው ስሕተት ሁለት ዓይነት ነው። እናቶች «ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ በሕግ የእናት ነው» ይላሉ፤ አባቶች ደግሞ «ደመወዝ ያለኝ እኔ ነኝ፤ ልጁ ለእኔ ነው የሚሰጠው» ይላሉ። የመጀመሪያው አነጋገር መሠረት አለው፤ የ1952ቱ ሕግ ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር ልጁ እስከ አምስት ዓመቱ ድረስ በእናቱ ዘንድ እንዲቆይ ይደነግግ ነበር። በተሻሻለው ሕግ ይህ ቁጥር የለም። አንቀጽ 113 ፍርድ ቤቱ የሁለቱን ወላጆች ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የኑሮ ሁኔታ፣ እንዲሁም የልጁን ዕድሜና ጥቅም ተመልክቶ እንዲወስን ያዛል። እንግዲህ ገቢ ከብዙዎቹ አንዱ እንጂ ብቸኛው መመዘኛ አይደለም። ገቢ ያለው ወላጅ ልጁ ከሌላው ጋር እየኖረ ቀለብ እንዲከፍል ሊታዘዝ ይችላልና፣ ድኽነት ብቻውን እናትን ከልጇ አይለይም። ሕፃን ልጅ በእናቱ ዘንድ መቆየቱ በተግባር የተለመደ ቢሆንም፣ የልጁ ጥቅም ነው ተብሎ እንጂ መብቷ ነው ተብሎ አይደለም።

የልጁ ጥቅም የሚለው ቃል ጌጥ ብቻ ነው ብሎ የሚጠራጠር ቢኖር፣ ሰበር ሰሚ ችሎቱ በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠውን ውሳኔ ያንብብ። ጉዳዩ የፍቺ አይደለም፤ እናቱ የሞተችበትና በአክስት እጅ ያደገ ልጅ ነው። አባት በሕግ አሳዳሪው እኔ ነኝ ብሎ ጠየቀ፤ የበታች ፍርድ ቤቶችም ፈቀዱለት፤ ሕጉ እናት ስትሞት አሳዳሪነቱ የአባት ነው ስለሚል ነው። ሰበር ችሎቱ ግን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36ና ኢትዮጵያ የተቀበለችውን የሕፃናት መብቶች ስምምነት ጠቅሶ፣ ለልጁ የሚበጀው ከአክስቱ ዘንድ መኖሩ ነው በማለት ፍርዱን ሻረው። ሥጋ ልደት እንኳ ለልጁ ጥቅም ቦታውን እንደሚለቅ ከዚህ መረዳት ይቻላል። በኛ አሳብ ይህ ፍርድ በየችሎቱ ደጃፍ በግልጽ አማርኛ ተጽፎ ቢለጠፍ ጥሩ ነበር።

ብዙ ሰዎች የማያውቁት ሌላም ነገር አለ። ፍቺው እስኪወሰን ድረስ ልጁ ያለ ቀለብ አይቀመጥም። ማመልከቻው እንደ ቀረበ ፍርድ ቤቱ ስለ ባልና ሚስቱ መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆቹ አጠባበቅና ቀለብ፣ ስለ ንብረቱም አስተዳደር ጊዜያዊ ትእዛዝ ይሰጣል። የልጅ ጉዳይ አንድ ጊዜ ተወስኖ የሚዘጋ አይደለም፤ ሁኔታው ከተለወጠ ወላጅ አመልክቶ እንደ ገና ሊያሳይ ይችላል። ልጁን ያልተረከበውም ወላጅ ልጁን የመጠየቅ መብት አለው። «ቀለብ ካልከፈለ አላሳየውም»፣ «ካላሳየችኝ አልከፍልም» የሚሉትን በየቀኑ እንሰማ ነበር፤ ሁለቱም ልጁን በመያዣነት የያዙ ናቸው። ቀለቡም ጉብኝቱም የልጁ ነው፤ የተከለከለ ወላጅ መፍትሔው ለፍርድ ቤቱ ማመልከት ነው።

ስለ ንብረት በአጭሩ እንለፍ። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ሀብት፣ በማንም ስም ቢጻፍ፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ በፍቺም ጊዜ እኩል ይከፈላል። ከጋብቻ በፊት የነበረ ወይም በውርስና በስጦታ የተገኘ ግን የባለቤቱ ነው። ሰዎችን የሚያስገርመው ከግል ቤት የሚገኘው ኪራይ በጋብቻው ዘመን የጋራ ገቢ መሆኑ ነው። ቤቱን ጥሎ የወጣ ድርሻውን ያጣል የሚባለው ወሬ የሕግ መሠረት የለውም።

በመጨረሻ ስለ ጠበቃ። ጠበቃ መያዝ ግዴታ አይደለም። ተስማምተው የሚፋቱና የሚካፈሉት ጥቂት የሆነ ሰዎች ራሳቸው ቀርበው ይጨርሳሉ። ቤት፣ ንግድ፣ ዕዳና የልጅ ክርክር በአንድነት ሲመጡ ግን ያለ ጠበቃ መግባት ያስቈጫል፤ ብዙ ሰው መብቱን የሚያጣው ሕጉ ስለ ከለከለው ሳይሆን በጊዜው ስላልጠየቀ ነውና። በየፍርድ ቤቱ ዙሪያ ማመልከቻ የሚጽፉት ራፖር ጸሐፊዎች ለድኻው ጠቃሚ ናቸው፤ ሆኖም ጠበቆች አይደሉም። ጉዳይ እናስጨርሳለን እያሉ በሩ ላይ የሚያባብሉት ደግሞ ከሁለቱም አይደሉም፤ ከእነሱ መራቅ ነው። ጠበቃ የሚይዝ ሰው ፈቃዱን ያለ እፍረት እንዲያሳየው ይጠይቅ፤ ክፍያውንና የሚሠራለትን ሥራ በጽሑፍ ይዋዋል። ባልና ሚስት ወጪ ለመቈጠብ ብለው ሲከራከሩ አንድ ጠበቃ ለሁለታቸው ሊቆም አይችልም። ባሕር ማዶ ያለ፣ በአረብ አገርም በአሜሪካም የሚኖር ባል ወይም ሚስት በኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል ውክልና መላክ ይችላል፤ ወረቀቱ ግን ለፍቺ ጉዳይ መሆኑን በግልጽ መናገር አለበት።

ገንዘብ የሌለው ሰው የዳኝነት ክፍያ ሳይከፍል ለመክሰስ እንዲፈቀድለት ማመልከት ይችላል። ጠበቆችም በሕግ መሠረት ነፃ አገልግሎት የመስጠት ግዴታ አለባቸው፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና በየዩኒቨርሲቲው ያሉ የሕግ ድጋፍ ማዕከሎችም ይረዳሉ። ወረቀታቸውን በላስቲክ የጠቀለሉትን እናት ወደ አንደኛው ማዕከል ወስደናቸው ነበር። ማመልከቻው ተጻፈላቸው፤ ፍቺ፣ የልጅ አጠባበቅና ቀለብ በአንድነት ተጠየቀ፤ አስቀድሞም ለልጁ ጊዜያዊ ቀለብ እንዲታዘዝ አመለከቱ። የሽማግሎቹ ወረቀት አልተጣለም። ፍርድ ባይሆንም፣ ባልና ሚስቱ ከመቼ ጀምሮ እንደ ተለያዩና አባትየው ስንት እንደ ተቀበለ የሚያስረዳ ማስረጃ ሆኖ ከማመልከቻው ጋር ተያይዟል። ከአምስቱ ፈራሚዎችም ሁለቱ በሕይወት ስላሉ ምስክር ተደርገው ተቈጥረዋል።